የእንደራሴው ሚስት ነበርሁ

ባለቤቴን ለፓርላማ የመረጧቸው የሐይቁ ዳር ባላባቶች ናቸው። ሕዝብ ተሰብስቦ ድምፅ የሰጠ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ «ርስት ያለው፣ ፊደል የቆጠረ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ላኩ» ተባለ። ባላባቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሲገፋፉ ዋሉ። አንዱ በቅሎዬ አርጅታለች አለ፤ ሌላው እኔ ከሄድሁ ዝንጀሮ ማሽላዬን ይጨርሰዋል አለ። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ዓባይንም በረሃውን ወርዶ መሻገር አለ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሳቸው ቅኔ የተማሩ፣ በአገሩ ዳኝነት የተቀመጡ ሰው ነበሩና የሚያመልጡበት ሰበብ አጡ።

ቤት ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል። «ምን ሆኑ?» አልኋቸው።

«እንደራሴ አደረጉኝ» አሉ። «እያንዳንዱ ‹እንደ ራሴ› ብሎ የላከው ሰው ሲያጠፋ ማን ከማን ይካሰሳል?»

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ወጣት ነበርሁ፤ ልጅም ገና አልወለድሁም። የምክር ቤት ሰው ሚስት መባሉ ልቤን ሞላው። ካባቸውን አስጠግኜ፣ ስንቃቸውን አዘጋጅቼ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘኋቸው።

ከመራዊ በኩልም አንድ ሰው ተመርጦ ነበር። ሁለቱ በቅሎ ለበቅሎ ሆነው ነው አዲስ አበባ የሚሄዱትና የሚመለሱት። ያን ሰው ያኔ «እሳቸው» እለው ነበር፤ ዛሬ «እሱ» እላለሁ። መልከ መልካም፣ ንግግር የሚያምርለት፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ እኛ ቤት ያርፋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ የአዳራሹንም ወሬ የሚያወራልኝ እሱ ነው።

«ባለቤትዎ እኮ አዳራሽ ገብተው አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም፣ እሜቴ» አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። «እኔ ስነሣ ስቀመጥ እውላለሁ፤ እሳቸው ጢማቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።»

ባለቤቴ ከብርሌያቸው ቀና አሉና «የምለው ሲኖረኝ እላለሁ» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበሩ። እኔ ባሕር ዳር ገበያ ወጥቼ ነበር። ባሕር ዳር ያን ጊዜ ከተማ አይደለችም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ በሐይቁ ዳርም የተበታተኑ ጎጆዎች ናት። የጣልያን አውሮፕላኖች ከጎርጎራ በኩል በሐይቁ ላይ ሲመጡ ሰዉ አንጋጦ ያይ ነበር። አንዲት በርበሬ ሻጭ ጣቷን ቀስራ «እዩት፣ እዩት» ስትል እሰማት ነበር። ከዚያ መሬቱ ተነሣ። እኔ ከአንድ የጨው ጭነት ሥር ወደቅሁ። ቀና ስል ገበያው በርበሬና ደም ሆኗል፤ በርበሬው ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው እየጮኸ ያስነጥሳል። አንዲት አህያ ሆዷ ተዘርግፎ ቆማ ነበር። በርበሬ ሻጯን ፈለግኋት፤ መቀመጫዋ አለ፣ እሷ የለችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ በእግራቸው መጡ። በቅሎዋ መንገድ ላይ ሞታባቸዋለች። ንጉሡ ወጥተዋል፣ ምክር ቤቱ ተበትኗል። እግራቸውን ሳጥባቸው ጥፍራቸው በእጄ ላይ ቀረ።

ጣልያን ባሕር ዳር ገብቶ በሐይቁ ዳር ሰፈረ። ድንኳን ተከለ፣ የሞተር ጀልባ አመጣ፣ አስካሪ የሚባሉ ቅጥር ወታደሮቹን አከማቸ። መጀመሪያ ጸጥ ያለ መሰለ። ከዚያ ጠመንጃ አስረክቡ የሚል አዋጅ ወጣ። ያስረከበውን «ሌላ ደብቀሃል» ብለው ይገርፉታል፤ የሌለውን «አምጣ» ብለው ይገርፉታል። አንዱ የጎረቤታችን ገበሬ ሰባራ ውጅግራውን ተሸክሞ ወስዶ አስረከበ፤ ማግስቱን አስከሬኑ በሐይቁ ዳር ቄጠማ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የባላባቶቹን ጎልማሳ ልጆች መያዣ ብለው ከየቤቱ ለቅመው አሰሯቸው።

የመራዊው ሰው ጣልያን በገባ በወሩ ነው ለጠላት ያደረው። የታጠቁ ባንዳዎች ሰጥተውት በቅሎ ላይ ተቀምጦ ከፊታቸው ይሄድ ጀመር። ለባለቤቴ ሰው ላከባቸው፤ «ጣልያን የአገር ሽማግሎች ሸንጎ ሊያቆም ነው፤ ይምጡና እንደ ድሮው ጎን ለጎን እንቀመጥ» ብሎ። ባለቤቴ መልእክተኛውን አብልተው «ሰማሁ በልልኝ» ብለው ሰደዱት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ባላባቶቹ ወደ ቤታችን የመጡት ልጆቻቸው የታሰሩ ጊዜ ነው። እነዚያው የመረጧቸው ሰዎች ናቸው። ዙሪያውን ተቀመጡ። በዕድሜ ትልቁ፣ ጎራዴ የመሰለ አፍንጫ ያላቸው ሽማግሌ፣ ጀመሩ።

«ያኔ ስንልክህ ንጉሥ ፊት እንድትናገርልን ነበር።»

«ነበር» አሉ ባለቤቴ።

«አሁን ንጉሥ የለም። ጠላት ነው ያለው። እኛ ጠመንጃ ይዘን ብንሄድ ልጆቻችንን ይፈጇቸዋል። ባዶ እጃችንን ብንሄድ የሚሰማን የለም። አንተ ግን እንደራሴ ነህ፤ ስምህን ያውቁታል። ሂድና ተናገርልን።»

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዋርሳዬ ቁጡ ነው፤ ከጫካ ካሉት ጋር ተገናኝቶ ልቡ ሸፍቷል። «ለሞት ነው የምትልኩት!» አለ። «ያኔ በቅሎዬ አርጅታለች ያላችሁ ናችሁ። ዛሬስ ምናችሁ አረጀ?»

ባለቤቴ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙት። «እውነት ነው» አሉ፤ «ግን የመረጡኝ እነሱ ናቸው። ፓርላማ ገብቼ ስኖር አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። አሁን ጠየቁኝ።» ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «እሄዳለሁ። እናንተም ከኋላዬ ትቆማላችሁ። ‹ማን ላከህ?› ሲለኝ የማሳየው ሰው ይኑረኝ።»

እንቆማለን አሉ፤ ሁሉም አሉ።

እኔ ልቅር አላልሁም፤ እሳቸውም ቅሪ አላሉኝም። ካባቸውን ለበሱ። ባላባቶቹን አስከትለን ጣልያኖቹ ከሰፈሩበት ስንደርስ አንድ ሻለቃ በገበያው ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ከጎኑ ነው፤ የመራዊው ሰው ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ከባንዳዎቹ ጋር ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። ሲያየን ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ባለቤቴ ለጣልያን ሊገቡ የመጡ መስሎት ነበር።

ባለቤቴ እጅ አልነሡም። እንዲህ አሉ፦ «እኔ የዚህ አገር እንደራሴ ነኝ። የታሰሩት ልጆች ጥፋት የለባቸውም፤ ይፈቱ። ጠመንጃ የሌለውም ሰው ጠመንጃ አምጣ እየተባለ አይገደል። ይህን እንድናገር ተልኬ ነው የመጣሁት።»

ሻለቃው የተተረጎመለትን ሰምቶ ሳቀ። «ምን እንደራሴ? ፓርላማ የለም። አገሩም የለም።»

«ፓርላማው ተዘግቷል» አሉ ባለቤቴ። «የላኩኝ ሰዎች ግን አሉ። እነዚህ ናቸው።»

ሻለቃው ተነሥቶ ወደ ባላባቶቹ ሄደ። በጅራፉ እጀታ የእያንዳንዱን አገጭ ቀና እያደረገ አስጠየቃቸው፤ «ይህን ሰው እናንተ ናችሁ የላካችሁት?» አንዱ መሬት መሬት አየ። ሌላው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣውም። የመራዊው ሰው በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «አናውቀውም በሉ፤ እሱም አላውቃቸውም ይበል፤ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ» ሲል ሰማሁት። ተራው ሽማግሌው ጋ ደረሰ።

«እኔ ልኬዋለሁ» አሉ ሽማግሌው።

አስካሪው በሰደፍ ጆሯቸው ግንድ ላይ መታቸው። ወደቁ። ወድቀውም ሁለተኛ መታቸው፤ ደም በጆሯቸው ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ከባላባቶቹ ቃል የተነፈሰ የለም።

ሻለቃው ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ ባለቤቴ ሲዞር ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ተንበርክከህ ‹እንደራሴ አይደለሁም› በል ይልሃል። አለበለዚያ ትሰቀላለህ።»

የመራዊው ሰው ሮጦ መጥቶ የካባቸውን ጠርዝ ያዘ። «ቃል እኮ ነው!» አላቸው። «በሞቴ፣ አንዲት ቃል ናት። ይበሉትና ይሂዱ። ሚስትዎን ይዩዋት።»

አዩኝ። ያንን አስተያየት ለማንም ልነግር አልችልም። ከዚያ ወደሱ ዞሩና ለስለስ አድርገው «አዳራሹ ውስጥ አንተ ብዙ ተናገርህ፣ እኔ ዝም አልሁ። ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንተ ዝም በል» አሉት። ጮክ ብለውም «እንደራሴ ነኝ» አሉ።

ዋርካው ሩቅ አልነበረም፤ ከላያችን ነበር። ጠረጴዛውን እንኳ አላነሡትም፤ ገመዱን ወርውረው ባለቤቴን በዚያው ጠረጴዛ ላይ አወጧቸው። ጮኼ ሮጥሁ። አንዱ አስካሪ በወገቤ ያዘኝ፤ እጁን ነከስሁት፣ የሥጋው ጣዕም አፌ ገባ። በጡጫ አፌን ብሎ ሁለት ጥርሴን አረገፋቸው። ከመሬት ቀና ስል ጠረጴዛው ተገልብጦ አየሁት። እግራቸው ተንቀጠቀጠ። አንድ ጫማቸው ወልቆ ወደቀ።

ሻለቃው ወደኔ ጠቁሞ አንድ ነገር አለ፤ ሌላ ገመድ መጣ። ያን ጊዜ የመራዊው ሰው በመካከል ገባ። «እህቴ ናት!» ብሎ ጮኸ። «የእናቴ ልጅ ናት! ንገርልኝ፣ እህቴ ናት በልልኝ!» አስተርጓሚው ነገረለት። ሻለቃው እኔንና እሱን አፈራርቆ አየንና ትከሻውን ነቀነቀ። ለቀቁኝ።

እንግዲህ እኔ በሕይወት ያለሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደም የቀላቀለ ምራቄን ፊቱ ላይ ተፋሁበት፤ አልጠረገውም።

አስከሬኑን ማንም እንዳያወርድ ተከለከለ። ሁለት ቀን ተሰቅለው ዋሉ፣ አደሩ። እኔ ከገበያው ዳር ከአንድ ግንብ ሥር ተቀምጬ አሞራ ስከላከል ዋልሁ፤ ድንጋይ እወረውራለሁ፣ ጠባቂዎቹ ይስቃሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ዐውሎና ዶፍ ዝናብ ተነሣ። ሐይቁ ሲቆጣ እንደ በሬ ያገሣል። ጠባቂዎቹ ወደ ድንኳናቸው ሮጡ። ያን ጊዜ ነው ባለ ታንኳው የመጣው።

ይህ ሰው ከሐይቁ ዳር እስላሞች አንዱ ነው። ዓሣ ያጠምዳል፣ ታንኳ ይሠራል፣ ሰውም ወደ ደሴቶቹ ያሻግራል። የታንኳውን ደንገል ከእኛ መሬት ዳርቻ ያጭድ ነበርና ባለቤቴን ያውቃቸዋል። አንድም ቃል ሳይናገር ዋርካው ላይ ወጥቶ በዓሣ ቢላዋው ገመዱን ቆረጠው። አስከሬኑ በላዬ ላይ ወደቀ፤ ይዘነው ሮጥን።

ታንኳው ውስጥ አጋድመን የታጨደ ደንገል ደራረብንባቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ከዳርቻው ርቀን ነበር፤ የሞተር ጀልባዋ ግን ደረሰችብን። ከላይ ሆኖ አንዱ አስካሪ «ምን ጭናችኋል?» አለ።

«ደንገል» አለ ባለ ታንኳው።

«ሴትዮዋስ?»

«ታማ ነው። ጠበል ትሄዳለች።»

ያበጠ አፌን አየው። አመነ መሰለኝ፤ ግን እንዲያው ለማንኛውም ብሎ ሳንጃውን በደንገሉ ውስጥ ሰደደው። ደጋግሞ ወጋው። ሳንጃው ከደንገል ሌላ ነገር ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰማሁት፤ ባለ ታንኳውም ሰምቷል። የሞተ ሰው አይደማም። አስካሪው ሳንጃውን አውጥቶ አየው፤ ውሃ ብቻ ያንጠባጥባል። ጀልባዋ ዞራ ሄደች። ባለ ታንኳው መቅዘፊያውን አስቀምጦ በእስልምናው ጸሎት አጉተመተመ፤ እኔ የተበታተነውን ደንገል መልሼ አለበስኋቸው።

ደሴቱ የመነኮሳት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። መነኮሳቱ አስከሬኑን ተቀብለው ሽቅብ ወደ ዛፎቹ ውስጥ ሲወስዱት እኔ ታንኳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፍትሐቱን ከሩቅ ሰማሁት። ነፋሱ ወደኔ ሲነፍስ ይሰማኛል፣ ሲዞር ይጠፋብኛል። የባለቤቴን መቃብር እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ስንመለስ የሰፈራችን ጭስ ከሐይቁ ላይ ይታይ ነበር። አስከሬኑ መጥፋቱን ያወቁ ጊዜ ነው ያቃጠሉት። ቤቴን ስትጠብቅልኝ የነበረችው አሮጊት ሞግዚቴ ከውስጥ ሳትወጣ ቀርታለች። የታሰሩትንም የባላባቶቹን ልጆች በዚያው ሰሞን በሐይቁ ዳር ደርድረው በመትረየስ ጨረሷቸው፤ ላክን ያሉትም፣ ዝም ያሉትም፣ ሁሉም ልጅ አጡ። ባለ ታንኳውን ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ማን እንደ ጠቆመበት ሳይታወቅ ጎጆው በር ላይ ተኩሰው ገደሉት። ሚስቱና እኔ አብረን አለቀስን። እሷ በስድብ ብታባርረኝ ይገባኝ ነበር፤ አንድ ጊዜም ክፉ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ወዲያ ዋርሳዬን ተከትዬ ጫካ ገባሁ። የባለቤቴን ምንሽር እሱ ከንብ ቀፎ ውስጥ ደብቆት ነበር፤ አውጥቶ ሰጠኝ። መተኮስ አስተማረኝ። ሰው መግደል ግን የሚያስተምር የለም፤ ሲደርስ ይደርሳል። የጫካውን ዘመን ሁሉ አልተርክም። አንዱን ቀን ብቻ እነግራችኋለሁ።

በመራዊ መንገድ ባንዳዎች የገበሬውን እህል በአጋሰስ ጭነው ለጣልያን ያመላልሱ ነበር። አንድ ጥዋት ወንዙ መሻገሪያ ላይ አድፍጠን ጠበቅናቸው። ከፊት በበቅሎ የመጣው የመራዊው ሰው ነው። ዋርሳዬ በጆሮዬ «ላንቺ ትቼዋለሁ» አለኝ። አነጣጠርሁ። ደረቱን ነው ያነጣጠርሁት፤ ያገኘሁት ግን ክንዱን ነው። ከበቅሎው ወደቀ። ተኩሱ በየአቅጣጫው ፈነዳ። አጋሰሶቹ ጭነታቸውን እየጣሉ ይፈረጥጣሉ፣ ጤፉ ወንዙ ውስጥ ይፈሳል። የኛ ሰዎች ጎራዴ መዝዘው ወረዱ። ዋርሳዬ አንዱን አንገቱ ላይ ሲለው ራሱ በደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ገና ጢም ያላወጣ አንድ ባንዳ ሆዱን ይዞ ከፊቴ ተንበረከከ፤ «እናቴን፣ እናቴን» ይላል። «ምን ላድርግልህ?» አልሁት። «ውሃ» አለኝ። ውሃ ይዤለት ስመለስ ሞቷል።

የመራዊው ሰው የተሰበረ ክንዱን እየጎተተ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቁጥቋጦው ሲገባ ዞር ብሎ አየኝ። ማን እንደ ተኮሰበት ያን ጊዜ አወቀ። እንደገና ማነጣጠር እችል ነበር። አላነጣጠርሁም፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጠላት ሲወጣ አገሩ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። የመራዊው ሰው መጨረሻው ላይ፣ ጣልያን መሄዱ እንደማይቀር ሲታይ፣ ባንዳዎቹን ይዞ ወደ አርበኞቹ ዞሮ ነበርና «የውስጥ አርበኛ ነበርሁ» ይል ጀመር። ያመነው አመነው። ምሕረትም ወጥቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፓርላማው እንደገና ሊከፈት ነው፣ ሰው ምረጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የሐይቁ ዳርና የመራዊ በኩል በአንድነት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚልኩት። ከሁለቱ የድሮ እንደራሴዎች በሕይወት ያለው እሱ ነው። ሁሉም ሰው እሱ ይሄዳል አለ።

መጀመሪያ ግን የባለቤቴ ደም መድረቅ ነበረበት፤ ደም ያለበት ሰው እንዴት አገር ወክሎ ይሄዳል? ስለዚህ ደም አድራቂ ሽማግሎች ይዞ ወደ እኔ መጣ። ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ ሽባ ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ ከአዲሱ ጎጆዬ ደጃፍ ተንበረከከ። ዋርሳዬ ከግድግዳው ተደግፎ ይመለከታል። ሽማግሎቹ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አገር» እያሉ ለመኑኝ።

«እኔ የምጠይቀው አለኝ» አልሁ። «ወደ ድንኳኑ ስንመጣ እንደሚሰቅሏቸው ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ገመዱን ሲያስመጡ አወቅሁ።»

«ባንዳህ ከጎንህ ቆሞ ነበር። ጠመንጃ በእጅህ ነበር።»

«ነበር።»

«ምን አደረግህ?»

ድንጋዩ ከብዶት ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። «ፈራሁ» አለ። «እሜቴ፣ ሌላ መልስ ብፈልግ አጣሁ። ፈራሁ። ለእርስዎ ስጮህም ፈርቼ ነበር፤ ግን ጮህሁ። ለእሳቸው መጮህ አልሆነልኝም።»

ያ ሁሉ ንግግር አዋቂ ሰው ሌላ አላለም። ውሸት ተናግሮ ቢሆን ድንጋዩን እዚያው ጫንቃው ላይ ትቼው እገባ ነበር። ተነሥቼ አወረድሁለት። ሽማግሎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ዋርሳዬ መሬቱ ላይ ተፍቶ ሄደ።

የምርጫው ቀን ባላባቱ ሁሉ ባሕር ዳር ተሰበሰበ፤ ከጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ሹምም ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ሴት በዚያ ሸንጎ አትገባም። እኔ ገባሁ። ሹሙ የመራዊውን ሰው ስም ጠርቶ «ተቃዋሚ አለ?» ሲል ከኋላ ሆኜ «አለ» አልሁ።

ሰዉ ዞረ። «ታርቀሻል እኮ!» አለ ከደም አድራቂዎቹ አንዱ ደንግጦ።

«ታርቄያለሁ» አልሁ። «ደሙን ትቻለሁ፤ ከእንግዲህ ከእኛ ወገን ማንም አይፈልገውም። ወንበሩን ግን አልተውም። ባለቤቴ እንደራሴ አይደለሁም ቢሉ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ። በነፍሳቸው የያዙትን ወንበር፣ አናውቀውም በሉ ላለ ሰው አትስጡት። ሌላ ማንንም ላኩ። ግዑዝ ግንድም ቢሆን ላኩ።»

«ሴትዮ፣ እዚህ ቃል የለሽም» አለ ሹሙ።

እኒያ ጆሯቸውን በሰደፍ የተመቱት ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንዱ ጆሯቸው ጨርሶ ደንቁሯል፣ ሌላውም እምብዛም አይሰማ። «ምን አለች?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። በጆሯቸው ጮኸላቸው። በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። ልጃቸው በሐይቁ ዳር ከተረሸኑት አንዱ ነበር። «ያኔ እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ፤ ደንቆሮ እንደሚጮኸው እየጮኹ። «ዛሬ ግን ይህን አልልክም።» አጠገባቸው ያሉት የሐይቁ ዳር ባላባቶች፣ እነዚያ ያኔ መሬት መሬት ያዩት፣ አንድ አንድ እያሉ ተነሡ።

የመራዊው ሰው ሊናገር ቆመ። አፉን ከፈተ። እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ተቀመጠ። ይህን ሲያዩ የገዛ ወገኖቹም ተከፋፈሉ። ክርክሩ እስከ ከሰዓት በኋላ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ተመረጡ። አዲስ አበባ ሄደው በአዳራሹ የሚባለውን አንዳች ሳይሰሙ ዘመናቸውን ጨርሰው ተመለሱ። ሲጠይቋቸው «ወንበሩ ይመቻል» ይሉ ነበር።

ሸንጎው ሲበተን አንዲት ዘመዴ እጄን ያዘችኝ። ዋርሳዬ ምንሽሩን ይዞ ወደ መራዊ መንገድ ሲሄድ አይታዋለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ሮጥሁ። አገኘሁት፤ ከመንገዱ በላይ ከቅንጭብ አጥር ኋላ በሆዱ ተኝቷል።

«አንቺ ታረቅሽ እንጂ እኔ አልታረቅሁም» አለ ሳይዞር። «ሂጂ፣ እትዬ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፤ ባንተም በኔም ስም።»

«ማን ወከለሽ?»

አጥሩን ዞሬ ወረድሁና መንገዱ ዳር፣ ከአፈሙዙ ትይዩ፣ ተቀመጥሁ። ቢተኩስ በኔ አልፎ ነው። ከኋላዬ ሲሰድበኝ፣ ሲለምነኝ፣ ሲያለቅስ ሰማሁት። አልተነሣሁም።

በቅሎዋ መጣች። የመራዊው ሰው ብቻውን ነበር። ሲያየኝ ቆመ፤ ወረደና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከአጥሩ ኋላ ምን እንዳለ ያወቀ መሰለኝ፤ ወደዚያ አንድ ጊዜ አየት አደረገ፣ አልሸሸም። ልጓሙን በጤናማ እጁ ይዞ ቆሞ ጠበቀ።

«ሂድ» አልሁት።

በቅሎውን እየጎተተ በእግሩ ሄደ። ጠመዝማዛው እስኪሰውረው ድረስ አልተቀመጠባትም።

ከዋርሳዬ ጋር ጎን ለጎን ወደ ቤት ተመለስን፤ ደጄ ላይ ሳይሰናበተኝ አለፈ። በጋውን ሁሉ ቤቴን አልረገጠም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል። የዘር ወቅት ሲደርስ አንድ ጥዋት የጅራፍ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። በሬዎቹን ጠምዶ ማሳዬን ያርሳል። ቀና ብሎ አላየኝም። ምሳ አቅርቤለት እርፉን ለቆ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ በላ።